«ዶክተር፣ ቬኒር ስንት ነው?»

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይጠፋል።)

ቡና አቅርባችሁ የተቀመጣችሁ፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቃችሁ ወደ ቤት የምትገቡ፣ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ ደንበኛ የምታስተናግዱ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። የምሠራው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ከሬዲዮ ጋር ዝምድና አለው፤ ሽቦ ሳይዘረጋለት በነፋስ የሚያወራ ስልክ ሲሉ የድሮ ሰዎች የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያውን የጠሩበት ስም ነው እስከ ዛሬ ሰፈሩ ላይ የቀረው። እንግዲህ ዛሬ ከንፋስ ስልክ ሆኜ ስለ ጥርስ በነፋስ ላወራችሁ ነው።

ከሳር ቤት ተነስታችሁ በመካኒሳና በጀርመን አደባባይ አድርጋችሁ እስከ ጀሞ ብትሄዱ፣ የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ ሳታዩ ብዙ አትራመዱም። ትልቅ ነጭ ጥርስ የተሳለበት ሰሌዳ፣ አጠገቡ ፈገግ ያለች ሴት፣ ከሥር ደግሞ የሥራው ዝርዝር፦ ማስነቀል፣ ማስሞላት፣ ማሳጠብ፣ ብሬስ፣ ክራውን፣ ቬኒር። ታዲያ የኛ ስልክ ሲጠራ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ቬኒር ስንት ነው?»

እኔን ይህ ጥያቄ ሁሌም ያስገርመኛል። ሆዱን የቆረጠው ሰው ሆስፒታል ደውሎ «ቀዶ ጥገና ስንት ነው?» አይልም፤ «ምን ሆኜ ነው?» ይላል። ጥርስ ላይ ሲሆን ግን መድኃኒቱን ራሳችን መርጠን፣ ዋጋውን ጠይቀን፣ ከዚያ በኋላ ነው አፋችንን የምንከፍተው። ዛሬ የማወራችሁ እንግዲህ ስለ ሁለቱ ነው፤ ስለ ክራውንና ስለ ቬኒር። ምን እንደሆኑ፣ የትኛው ለምን ዓይነት ጥርስ እንደሚሆን፣ መቼ ደግሞ ጨርሶ እንደማያስፈልጉ።

አንድ ወጣት ላስተዋውቃችሁ፤ ስሙ ይቅር። ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው መጣ። «ዶክተር፣ ከላይ ዐሥር ቬኒር እፈልጋለሁ» አለኝ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል። አፉን ከፍቶ ሳየው የፊት ጥርሶቹ ጤነኛ ናቸው። አንዷ ብቻ ጫፏ ተሸርፏል። «ምን ነካት?» አልኩት። ሳቅ ብሎ «ቆርኪ» አለኝ። የቢራ ቆርኪ በጥርስ የሚከፍት ሰው ጀግና የሚባልበት ጠረጴዛ በየሰፈሩ አይጠፋም። ወደ ኋላ ስመለከት ደግሞ ከታች አንዱ የመንጋጋ ጥርሱ ግማሽ ጎኑ የለም። ከዓመታት በፊት ሥሩ ታክሞ ተሞልቶ ነበር፤ አንድ ቀን ዳቦ ቆሎ ሲቆረጥም ግድግዳው ተገምሶ ወደቀ። እሱ ግን «እሷ አታመኝም፣ ተዋት» አለኝ። ይህን ልጅ ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ጥርሳችን ላዩን ኢናሜል በሚባል ልባስ ተሸፍኗል። በሰውነታችን ውስጥ እንደሱ ጠንካራ ነገር የለም፤ አጥንት እንኳ አይደርስበትም። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ ድንቅነሽን፣ ዓለም ሉሲ የሚላትን፣ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ ስትገኝ ከመንጋጋ አጥንቷ ጋር ጥርሶቿም ተገኝተዋል። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። እንዲያውም አዋቂ መሆኗ ከታወቀባቸው ምልክቶች አንዱ የመጨረሻው መንጋጋዋ፣ የጥበብ ጥርስ የሚባለው፣ በቅሎ መገኘቱ ነው። አፈር ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን የቆየው ኢናሜል በእኛ አፍ ውስጥ ሲሆን ግን በጥቂት ዓመት ይቦረቦራል። ምክንያቱ አሲድ ነው። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱ ኢናሜሉን ያሟሟል። ምራቅ አሲዱን አጥቦ ነገሩን ወደ ቦታው እስኪመልስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። አሁን ቡናችንን አስቡት። አቦል በስኳር፣ ቶና በስኳር፣ በረካ በስኳር። ምራቁ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል። እንግዲህ ሰው «ጥርሴን ትል በላው» የሚለው ይህን ነው። ትል የለም። በጭስ አጥነው ከጥርሴ ትል አወጡልኝ የሚሉ ሰዎች ዛሬም ይመጡብኛል፤ የወጣው ምንም ይሁን፣ ከጥርሱ ውስጥ አይደለም።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ኢናሜል አንዴ ከሄደ አይበቅልም። ጥፍር ያድጋል፣ ቆዳ ይጠግጋል፣ የተሰበረ አጥንት እንኳ በወጌሻ እጅም ቢሆን ይገጥማል። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ግን ጥርሱ ከመብቀሉ በፊት ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ። ስለዚህ የጥርስ ሐኪም በማሽኑ የሚሞርደው ማንኛውም ነገር ለሁልጊዜ የሄደ ነው። ዛሬ ከምነግራችሁ ሁሉ ይህን ብቻ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ከኢናሜሉ ሥር ዴንቲን አለ፤ ለስለስ ያለ፣ ቢጫ ቀለም ያለው። ከእሱ ሥር ደግሞ ሰው ነርቭ የሚለው ክፍል፣ ደም ሥርም ነርቭም ያለበት። በማሽን ከኢናሜሉ አልፎ የሄደ ሐኪም ወደዚህኛው እየቀረበ ነው።

(አጭር የክራር ድምፅ።)

ወደ ክራውን እንሂድ። አንዳንዱ «ካፕ» ይለዋል፤ «ጥርስ ማልበስ» የሚሉም አሉ። እኔ ማልበስ የሚለውን እወደዋለሁ። ክራውን ጥርሱን ዙሪያውን እስከ ድዱ ድረስ የሚያለብስ ሙሉ ሽፋን ነው። የመሶብ ክዳን መሶቡን እንደሚገጥም፣ ክራውኑም ጥርሱን ይገጥማል፤ ልዩነቱ እዚህ ክዳኑ አይነሳም።

ማን ያስፈልገዋል? ጉልበቱን ያጣ ጥርስ። ሥሩ የታከመ መንጋጋ ዋናው ነው። ሰው ብዙ ጊዜ «ነርቩ የወጣ ጥርስ ይደርቅና ይሰበራል» ይላል። ነገሩ ከድርቀት ይልቅ የግድግዳ ነው። ሥሩ እስኪታከም የደረሰ ጥርስ መጀመሪያ በመበስበስ፣ ቀጥሎም ሐኪሙ ወደ ሥሩ ለመግባት በከፈተው ቀዳዳ፣ መሃሉን አጥቶ ቀጫጭን ግድግዳ ብቻ ቀርቶታል። ሽሮ ሲበላበት ምንም አይሆንም፤ ቆሎ ውስጥ አንዲት ጠጠር ሲያገኝ ግን ግድግዳው ይሰነጠቃል። የእኛ ወጣት መንጋጋ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የሥር ሕክምናውን ጨርሶ ሕመሙ ሲጠፋለት «ተሻለኝ» ብሎ ቀረ፤ ክራውኑ የሚገባበትን ቀጠሮ ረሳው። እንደሱ ያሉ ሰዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ሕመም ሲጠፋ ሕክምናም ያለቀ ይመስለናል።

ሥራው እንዴት ነው? በመጀመሪያ ኤክስሬይ ይነሳል፤ የሥሩ ሁኔታ ካልታየ ላዩን ማልበስ የፈረሰ ቤት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ነው። ቀጥሎ የበሰበሰው ይጠረጋል፣ የጎደለው በሙሌት ይገነባል። ከዚያ ጥርሱ ይሞረዳል። ከላይ፣ ምግብ የሚያኝከው ገጽታ ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፤ ከጎኖቹ ደግሞ እንደ ሽፋኑ ዓይነት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። ይህ የሚሆነው ለሽፋኑ ውፍረት ቦታ ለመልቀቅ ነው፤ አለዚያ ጥርሱ ከጎረቤቶቹ በላይ ወጥቶ አፍ አልዘጋ ይላል። በማደንዘዣ ስለሚሠራ አያምም። ከዚያ ልክ ይወሰዳል፤ በሚረጋ ልጥፍ ወይም በካሜራ። ልኩ ወደ ጥርስ ላብራቶሪ ይሄዳል። ጊዜያዊ ሽፋን ተደርጎላችሁ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ፤ ዋናው እስኪደርስ ጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ይቆያል። ጊዜያዊው ሲወልቅ «ምን ቸገረኝ» ብላችሁ የምትቀመጡ ካላችሁ፣ አደራ፤ በሳምንት ውስጥ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍቱ ቦታ ሊጠጉ ይችላሉና ዋናው ክራውን አልገባ ይላል።

እዚህ ላይ ሐኪሞች ብዙም የማናወራላችሁ ጉዳይ አለ። ክራውን የሚቆመው በማጣበቂያው ብቻ አይደለም፤ ከድድ በላይ በቀረው ጤነኛ ጥርስ ነው። የመጥረቢያ እጀታ እንዳይሰነጠቅ ዙሪያውን የብረት ቀለበት እንደሚታሰርበት፣ ክራውኑ ከድድ በላይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጤነኛ ጥርስ በዙሪያው አቅፎ መያዝ አለበት። ያ ከሌለ፣ ጥርሱ እስከ ድዱ ከተሰበረ፣ የቱንም ያህል ውድ ክራውን ብታስገቡበት አንድ ቀን ከነመሠረቱ ይነቀላል። አንዳንዴ ሐኪም «ይህ ጥርስ ክራውን አይሸከምም» ሲላችሁ አትቀየሙት። ገንዘባችሁን እያዳነላችሁ ሊሆን ይችላል።

ከምን ይሠራል? ጥንት ከወርቅ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት ዘመናት ጣሊያን ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ኤትሩስካውያን ጥርስን በወርቅ ቀለበት ያስሩ ነበር። እኛም ዘንድ የወርቅ ጥርስ የክብር ምልክት የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ በአንዳንድ የድሮ ፎቶግራፍ ላይ ፈገግ ያሉ አባወራዎች ጥርስ ሲያበራ ይታያል። ነጩ የፖርስሌን ክራውን የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ ቻርልስ ላንድ ከሚባል የዲትሮይት ሐኪም። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የምታገኙት በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው። ውስጡ ብረት ላዩ ፖርስሌን የሆነ፤ ጠንካራና ዋጋው መለስ ያለ፣ ግን ከዓመታት በኋላ ድድ ሲሸሽ ጫፉ ላይ ጥቁር መስመር ሊታይ ይችላል። ዚርኮኒያ፤ ለመንጋጋ የሚመረጥ፣ በጣም ጠንካራ። ሦስተኛው ኢማክስ የሚባለው የሴራሚክ ዓይነት፤ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የተፈጥሮ ጥርስ ይመስላል፣ ለፊት ጥርስ ይመረጣል። ዋጋው በዕቃው፣ በላብራቶሪውና በሐኪሙ ይለያያል፤ ስለዚህ «ክራውን ስንት ነው?» ሳይሆን «የምን ክራውን፣ የትኛው ጥርስ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ቬኒር። ይህ ጥርሱን አያለብስም፤ የፊት ገጽታውን ብቻ ይሸፍናል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ እጃችሁ ጥፍር አድርጋችሁ አስቡት።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቤቱን ስትረከቡ ፊኒሽንጉ የናንተ ነው። ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ስታስለጥፉ፣ ግድግዳው ደረቅና ልሱኑ ጤነኛ ከሆነ ሴራሚኩ ዕድሜ ልክ ይቆያል። እርጥበት ካለው፣ ልሱኑም ከላላ፣ የቱንም ያህል የጣሊያን ሴራሚክ ይሁን በክረምት ይወርዳል። ቬኒርም እንዲሁ ነው። ጤነኛ ኢናሜል ላይ ሲለጠፍ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ አይቻለሁ። የበሰበሰ ጥርስ ላይ ወይም ኢናሜሉ ተሞርዶ ያለቀ ጥርስ ላይ ሲለጠፍ ግን ይወድቃል። እንግዲህ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ ክራውን ለደከመ ጥርስ፣ ቬኒር ለጤነኛ ጥርስ ግን ፊቱ ለተበላሸ።

ታሪኩ ደግሞ ከሲኒማ ይጀምራል። በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቻርልስ ፒንከስ የሚባል የካሊፎርኒያ ሐኪም ለሆሊውድ ተዋናዮች ቀጫጭን የጥርስ ገጽታ ሠራላቸው። ግን የሚያጣብቅበት ነገር አልነበረውም፤ ቀረጻ ሲያልቅ ይወልቃል። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማይክል ቡኦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ኢናሜልን በቀላል አሲድ ሻከር ካደረጉት ሙጫ አጥብቆ እንደሚይዘው አሳየ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ደግሞ የፖርስሌኑን ውስጠኛ ገጽታ በሌላ አሲድ ማሻከር ተቻለ። ሁለት ሻካራ ገጽታዎች፣ በመሃል ሙጫ፣ ላዩ ላይ ሰማያዊ መብራት። ይኸው ነው ቬኒር።

እዚህ አገር ቬኒር በእርግጥ ለማን እንደሚያስፈልግ ስጠየቅ ግን ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ሆሊውድ አይደለም። ወንጂ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት መጣች። ጎፋ ልጆቿን ይዛ ትኖራለች፤ ተወልዳ ያደገችው ግን ወንጂ ነው። ከገባች ጀምሮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምታወራው። «እኔ አታፍሪ አልልሽም፣ ግን ሳላይ ምንም አልችልም» አልኳት። ነጠላዋን ስታወርድ ጥርሶቿ ቡናማ ናቸው፤ መስመር በመስመር፣ አንዳንድ ቦታ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለባቸው። «በወጣትነቴ በክትክታም በወይራም ፍቄያለሁ፣ በአመድም ሞክሬያለሁ» አለችኝ። አይለቅም። ምክንያቱም ቡናማው ላዩ ላይ የተቀባ አይደለም፤ ኢናሜሉ ሲሠራ ከውስጥ የገባ ነው።

ስምጥ ሸለቆን ታውቁታላችሁ፤ ከአፋር ተነስቶ በመተሐራ፣ በወንጂ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። መሬቱ የእሳተ ገሞራ ነው። የከርሰ ምድር ውኃው በእነዚህ ዐለቶች ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚያስቀምጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው አንዳንድ ጉድጓዶች ከዚህ ብዙ እጥፍ ተለክቷል። ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር ሠራተኛው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ካምፑ ውስጥ የጉድጓድ ውኃ ጠጣ፤ ልጆች ተወለዱ። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆኖ በቀለ። በአዋቂዎቹ ላይ ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሌላ ነገር መታየት ጀመረ፤ ወገብና አንገት የሚያደርቅ የአጥንት በሽታ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በስምጥ ሸለቆው ስላለው የፍሎራይድ በሽታ ያጠኑትና የጻፉት ዓለም ዛሬም የሚጠቅሰው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥቂት ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል፤ በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ለዚሁ ነው። ጥርሱን የሚያበላሸው ብዛቱ ነው፤ ያውም ጥርስ በድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ፣ ከውልደት እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ወንጂ የሄደ ሰው የፊት ጥርሱ ቡናማ አይሆንም። ውኃ ማፍላትም አይጠቅምም፤ ውኃው ተንኖ ፍሎራይዱ ስለሚቀር ይባስ ያበዛዋል። የሚጠቅመው ሌላ ምንጭ መፈለግ ወይም ማጣራት ነው። በአገራችን ከተሞከሩት አንዱ ከህንዷ ናልጎንዳ የመጣው የአሉምና የኖራ ዘዴ ነው፤ ሌላው የተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። ለእሷ ቬኒር ያስፈልጋት ነበር? መጀመሪያ ከሱ በፊት ያሉትን ደረጃዎች ሞከርን። ፍሎራይዱ ያመጣው ለውጥ ቀላል ሲሆን ላዩን በስሱ በአሲድና በደቃቅ አሸዋ መሰል ነገር ማሸት፣ ነጭ ማድረጊያ መጠቀም ይበቃል፤ አንድ ጥርስ አይሞረድም። የእሷ ግን ጥልቅ ስለነበር አልበቃም። ሁለተኛው አማራጭ ወንበሩ ላይ በአንድ ቀን የሚሠራው የሙሌት ቬኒር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሲሰነጠቅ ይጠገናል፣ ግን ቡናችንን ይጠጣል፤ በጥቂት ዓመታት ቀለሙ ይቀየራል። በመጨረሻ ስድስት የፊት ጥርሶቿ ላይ ፖርስሌን አደረግን። በፍሎራይድ የተጎዳ ኢናሜል ለአሲዱ እንቢ ይላል፤ ሻከር እንዲል ከሌላው ጥርስ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ቡናማው ከሥር እንዳይታይ ደግሞ ቬኒሩ ወፈር ይላል። ይህን የማያውቅ ወይም የሚቸኩል ሐኪም ሥራው ባጭር ጊዜ ይወልቅበታል።

(ሙዚቃ ለአፍታ።)

አሁን ደስ የማይለኝን ክፍል ላውራ። በየቴሌቪዥኑና በየስልካችን የምናየው አንድ ዓይነት ጥርስ አለ፤ ከወረቀት የነጣ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለእረፍት የሚመጡ ወገኖቻችን እዚያ የክራውን ዋጋ ውድ ስለሆነ እዚህ «በሁለት ሳምንት ጨርሱልኝ» ይሉናል። ብዙዎቹ በእርግጥ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ግን አንዳንዱ ቬኒር ብሎ የሚጠይቀው ክራውን ሆኖ ይገኛል፤ ጤነኛ ጥርስ እንደ ችካል ተሞርዶ ሽፋን ይደረግበታል፤ ስሙ ግን ቬኒር ይባላል። አውሮፓ ውስጥ ርካሽ የጥርስ ሥራ ፍለጋ ሌላ አገር ሄደው እንዲህ ሆነው የሚመለሱ ወጣቶች ጉዳይ የጋዜጣ መነጋገሪያ ሆኗል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ የፊት ጥርሶቼ ጠማማ ናቸው ብላ መጣች። ብሬስ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል ስንላት አለቀሰች። አራቱን ሞርጄ ክራውን አደረግኩላት። አምሮባት ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ አንዱ ጥርስ ነርቩ ሞቶ ድዷ አብጦ ተመለሰች። ስንሞርድ የምንቀርበው ነርቭ አንዳንዴ ወዲያው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ይሞታል። እኔ ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ፤ ደግሞ አውቅ ነበር። ያለቀሰችው ልጅ ግን ፊቴ ነበረች፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የምትመለሰዋ ደግሞ አትታየኝም ነበር። ያችን ሥር ያለ ክፍያ አከምኩ፤ የሞረድኩትን ግን መመለስ አልቻልኩም።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ሦስት ጥያቄ አትፍሩ። «ከጥርሴ ላይ ምን ያህል ትሞርዳለህ?» የመጀመሪያው ነው። «ሳይሞረድ የሚሆን ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ቀጥሎ። ሦስተኛው ደግሞ «ይህ ሲያልቅ፣ ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ቀጣዩ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ክራውንም ቬኒርም ዕድሜ ልክ አይደሉም። በሃያ ዓመታችሁ የጀመራችሁት እስከ ስልሳችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለወጣል። በጥያቄ የሚቆጣ ሐኪም ካገኛችሁ ጫማችሁን አጥልቃችሁ ውጡ። ክሊኒኩ ደግሞ ከከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን እዩ፤ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ መሰቀል አለበት። ቤት ለቤት እየዞሩ ወይም ፀጉር ቤት ውስጥ «ቬኒር እንለጥፋለን» የሚሉ ሰዎች መኖራቸውን ሰምቻለሁ፤ ጥርሳችሁን ለእነሱ አትስጡ።

ለልጆች አንድ ቃል ብቻ። የወተት መንጋጋ ሲበሰብስ «ይወልቃል፣ ምን አባቱ» አንበል፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ቦታ ያጣል። ለነዚህ ጥርሶች ተዘጋጅቶ የሚመጣ ትንሽ የብረት ክራውን አለ። ኖርና ሆል የተባሉ የስኮትላንድ ሐኪም ያለ መርፌና ያለ ማሽን በበሰበሰው ጥርስ ላይ ዝም ብለው ሲደፉት ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳር አጥተው መበስበሱ እንደሚቆም አሳይተዋል። ልጁም አያለቅስም። ብረቱ አያምርም ለሚሉ እናቶች እኔ ያለኝ መልስ አንድ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ይወዱታል፣ ለጓደኛ ያሳያሉ።

ከሥራው በኋላ ደግሞ፣ ሽፋኑ አይበሰብስም፣ ጫፉ ላይ ያለው የራሳችሁ ጥርስ ግን ይበሰብሳል። ድዱ ጋ በብሩሽ ረጋ ብላችሁ፣ በጥርሶቹ መካከል በክር። መፋቂያ የለመዳችሁ ቀጥሉ፤ ጫፉን በደንብ አላምጣችሁ አለስልሱት፣ ድዱን አትውጉት። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ሳይነግረን ክራውን ብናስገባለት ወይ ክራውኑ ወይ ከሥሩ ያለው ይሰበራል፤ አብራችሁ የምትተኙትን ሰው ጠይቁ። ለሱ የሌሊት መከላከያ አለ።

የሠርጉስ ልጅ? መንጋጋው ላይ ዚርኮኒያ ክራውን አደረግን፤ ሁለት ቀጠሮ ወሰደብን። የተሸረፈችውን የፊት ጥርስ በሙሌት አስተካከልናት፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ጥርሱን አጠብነው። ዐሥሩ ቬኒር ቀረ፤ እሱም በቀረው ገንዘብ ድንኳን እንደሚያሰፋ ነገረኝ። ሊወጣ ሲል በሩ ጋ ቆሞ «ዶክተር፣ አሁን ቆርኪ…» ሲል «ወጊድ!» አልኩት።

የወንጂዋ ሴት ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ለምርመራ መጣች። ከመጠበቂያ ክፍሉ ድምጿ ይሰማኛል፤ ከሴቶች ጋር ትስቃለች። ስገባ ቀና ብላ አየችኝና ልትስቅ ስትል እጇ ነጠላዋን ይዞ ወደ አፏ ሄደ። መሃል ላይ አስታወሰችና ቆመች። ከዚያ ስለ እህቷ ልጅ ጠየቀችኝ፤ ወንጂ አካባቢ ገጠር ነው የሚኖሩት፣ ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነው፣ የጉድጓድ ውኃ ነው የሚጠጡት። «የሷስ ጥርስ እንዴት ይሆናል?» አለችኝ። «ውኃውን ያስመርምሩ፤ እስከዚያ ለሕፃኗ የዝናብ ውኃ ያጠራቅሙ» አልኳት። ወረቀት ጠየቀችኝና ያልኳትን ጻፈችው።

አድማጮች፣ የዛሬው ይኸው ነበር። ጥያቄ ያላችሁ በዝግጅት ክፍሉ ስልክ ላኩልን፤ ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ድድ መድማት እናወራለን። ደህና ሁኑ።

(የመለያ ሙዚቃ።)